ሁለት ሚሊሜትር

19ኛ ቀን፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ጡረታ ስወጣ ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት፣ ምንም ያልተጻፈበት የስም መጥሪያ ነው። የተማሪ ስም ይጻፍበት በነበረው ቦታ ቀን እጽፍበታለሁ። ቀኑን የምቆጥረው የባለቤቴ ቀኝ እጅ አልታዘዝ ካላት ጠዋት ጀምሮ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣን ስምንት ቀናችን። እግሯ ደህና ነው። አንደበቷም ተመልሷል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ሳይስል አልቀረም። እጇ ግን እጅጌዋ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ዕቃ ይመስላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስታሰናብተን ለብቻዬ ጠርታኝ፣ "ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ትልቁ ነገር የመጀመሪያው ሦስት ወር ነው" አለችኝ። "እጁ የሚወደውን ሥራ ካገኘ ይመለሳል። ካልሠራ ግን እንዲሁ ሊቀር ይችላል።" ዘጠና ቀን ማለት ነው። የምትጨምቃት አንዲት የጎማ ኳስም ሰጠችን። ባለቤቴ ኳሷን ሦስት ጊዜ ነካካችና በግራ እጇ አልጋ ሥር ወረወረቻት።

"በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ልጫወት?" አለች።

ዛሬ ሲስተር መጣች። ሲስተር የምንላት ሰፈራችን ውስጥ ሊከፈት የተዘጋጀው የእናቶች ክሊኒክ አዋላጅ ናት። አዲስ ለሚወለዱ ሕፃናት መጠቅለያ የሚሆኑ ስልሳ ጨርቆች ባለቤቴ ዘንድ አሉ። ሁሉንም ቆርጣ፣ የስምንቱን ጠርዝ ሠርታ ነው የታመመችው። ሲስተር ወስዳ ለሌላ ሰፊ ልትሰጣቸው አስባለች። ይህን ስትናገር ጫማዋን ጫማዋን ታይ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "አይሆንም፣ እኛው እንጨርሳለን" አልኳት።

ሲስተር ከወጣች በኋላ ባለቤቴ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ "'እኛ' ማነው?" አለችኝ።

"እኔ" አልኳት።

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት፤ ደስ የምትል ሳቅ ግን አልነበረችም።

ማምሻውን ስፌት ክፍሏ ገባሁ። ዘጠነኛው ጨርቅ እንደነበረ ከስፌት መኪናዋ እግር ሥር ተይዟል። ሦስቱ ጎን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በአራተኛው ጎን ስፌቱ በደህና ይጀምርና ከመካከል ላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከዚያ ጨርቁን መሀል ለመሀል አቋርጦ በሌላው ወገን ይወጣል። ክሩን ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስለዚያ ጠዋት ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

20ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ተበላሸ። መሽከርከሪያውን ወደ ኋላ አዞርኩት መሰለኝ፣ ክሩ ከሥር ተጠቅልሎ የወፍ ጎጆ ሠራ። "ወደ ራስህ አዙረው" የሚል ድምፅ ከሳሎን እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም።

22ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ሠላሳ ሰባት ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማረ ሰው አራት ቀጥ ያሉ መስመሮችና አራት ማዕዘኖች ያቅቱታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወረቀት ግን አይለጠጥም። ይህ ለስላሳ ጨርቅ ሲስቡት ይረዝማል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል፣ ከተቆረጠበት በኩል ደግሞ እየተተረተረ ጢም ያበቅላል።

ጢሙን ይዤ ክር ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ነው፤ ባለቤቴን ሃያ ዓመት ያውቃታል።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ጫፉን ይዘምዝሙት" አለኝ። መዘምዘም የሚሉት መርፌው እየተመላለሰ በዚግዛግ ጫፉን ሲይዘው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክሩ አያመልጥም። "ቀጥሎ ግማሽ ሴንቲ አጥፈው በካውያ ይጫኑት። አንድ ሴንቲ ይድገሙና አሁንም በካውያ። ስፒል ይሰኩበት። መርፌው በእጥፋቱ ዳር ዳር ይሂድ። አይጎትቱት፣ መኪናው ራሱ ይወስደዋል።"

በደብተሬ ስጽፍ አይቶ ሳቀ። "ጡረታ ወጥተውም መስመር ማስመር አልተዉም!"

ሁሉን እንዳለኝ አደረግኩ። ማዕዘኑ ላይ እጥፋቱ ተደራርቦ ወፈረና መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ዛሬ ሁለት መርፌ።

25ኛ ቀን፣ እሑድ

ልጃችን ደወለች። የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ የምትለው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ይሰማል።

"አባዬ፣ ያን የስፌት መኪና ከፊቷ አንሳላት እባክህ። ባየችው ቁጥር ነው የሚብስባት። እኔ ስመጣ ለሚያስፈልገው ሰው እንሰጠዋለን፣ ክፍሉም ለእንግዳ ይሆናል።"

ምን ልበላት ብዬ ሳስብ ባለቤቴ ከሶፋው ላይ፣ "ስጡት" አለች። "ምን ያደርግልኛል? ስጡት።"

"አየህ፣ እማዬም ይሻላል አለች" አለች ልጃችን።

ስልሳ አምስት ቀን ይቀረናል።

29ኛ ቀን፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ጨርቅ አለቀ። አራቱም ጎን ተቀምቅሟል ማለት እችላለሁ። ስፌቱ ግን እባብ የሄደበት አሸዋ ይመስላል። አንዱ ማዕዘን አፍንጫ አውጥቷል።

ወስጄ አሳየኋት። ይህች ሴት የሠርጓን ቀሚስ ጠርዝ ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ጊዜ ፈትታ የሰፋች ናት። ለጎረቤት የሰጠችውን ትራስ ልብስ ጥግ ላይ ክር ተረፈ ብላ ዝናብ እየዘነበ መልሳ የተቀበለች ናት። ጨርቁን በግራ እጇ ይዛ ዐየችው።

"ጥሩ ነው" አለች።

መልሳም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ብትስቅብኝ በወደድኩ። "ይሄ ምንድን ነው፣ ዐይንህን ጨፍነህ ነው የሰፋኸው?" ብትለኝ። እኔም ሐሳባቸው ከክፍል የወጣ ተማሪዎች ደብተር ላይ "ጥሩ" ብዬ ያለፍኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

33ኛ ቀን፣ ሰኞ

የሚገርም ነው። ጠዋት ጠዋት ለዳቦና ለመድኃኒት ወጥቼ የምመለሰው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ ነው። ዛሬ ስመለስ ትናንት የሠራኋቸውን ሁለት ጨርቆች አነሣሁ። እንዳስታወስኳቸው አይደሉም። አንደኛው ጎን ላይ የተጣመመ ነገር ነበር ብዬ ነበር፤ ቀጥ ብሏል። ሰው ሲደክመው በራሱ ሥራ ላይ ይጨክናል። እጄ እየለመደ መሆን አለበት።

36ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ስለ ራሴ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፣ ቢያስፈራኝም።

ሥራ ስጨርስ መቀሱን የቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ አስገባለሁ። መርፌውን ዝቅ አድርጌ ጨርቁ ላይ አሳርፈዋለሁ። ሽፋኑን ለአራት አጥፌ ወንበሩ ላይ አኖራለሁ። አንድም ቀን አልዘለልኩም። ዛሬ ግን መቀሱ ከመኪናው በስተግራ ነበር። መርፌው ከፍ ብሏል። ሽፋኑ እንደነገሩ ተጠቅልሏል። ማክሰኞም እንዲሁ ነበር፤ አልጻፍኩትም እንጂ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም መርሳት የጀመረው በእኔ ዕድሜ ነው። መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኙት። ከዚያ የልጁን ስም ረሳ።

እኔ ከረሳሁ እሷን ማን ያያታል?

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። "ስፌት ክፍል ገብተሽ ነበር?" ብዬ ግን ጠየቅኳት፤ ምናልባት መስኮት ልትዘጋ ገብታ እንደሆነ።

"ምን ልሠራ?" አለች። ቀኝ እጇን በግራዋ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ለእኔ ልታሳየኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቄ አፈርኩ። ድሮም ይህ ጠባይ አለብኝ። በተጋባን ዓመት ለትምህርት ቤቱ መጋረጃ ሰፍታ ስትጨርስ ማስመሪያዬን ይዤ ሄጄ ጠርዙን ለካሁት። "እዚህ ጋ ሁለት ሚሊሜትር ይጎድላል" አልኳት። ስድስት ሜትሩን በሙሉ ፈታችው። ያኔ ትክክለኛ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

40ኛ ቀን፣ ሰኞ

ማዕዘኖቼ አምረዋል! በፊት ጨርቁን አንዱን ጎን በሌላው ላይ እደርበው ነበር። አሁን ጫፉ በአርባ አምስት ዲግሪ ተቆርጦ፣ ሁለቱ እጥፋት ልክ መካከል ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እንዴት እንዳደረግኩት አላስታውስም፤ ይህ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው። እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ ይማራል የሚሉት ይህን ይሆናል።

አንዱን ለክር ሻጩ አሳየሁት። ወደ ብርሃን አውጥቶ ዐየው፣ ገለበጠው፣ እኔንም ዐየኝ።

"ይህን ማዕዘን እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"ማን ይሆናል ታዲያ?"

"የወር ተማሪ ሥራ አይመስልም፣ ጋሼ" አለና ጨርቁን በጥንቃቄ አጣጥፎ መለሰልኝ። "ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ። በጣም ሰላም ይበሉልኝ።"

ሙገሳውን ለእሷ አልነገርኳትም። ይከፋታል ብዬ ነው።

43ኛ ቀን፣ ሐሙስ

ሻይ ልትጠጣ ስኒውን በቀኝ እጇ ሞከረችና ወደቀ። ሮጬ ስብርባሪውን አነሣሁ፣ ሌላ ቀዳሁላት፣ ስኒውን አፏ ድረስ ወሰድኩላት።

"ተወኝ!" አለች። "ሁሉን ነገር ከእጄ አትንጠቀኝ!"

ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አኑሬላት ወጣሁ።

ስለዚያ ጠዋት ልጻፍ። የድሮ የፈተና ወረቀቶች በዓመተ ምሕረት እየለየሁ ነበር። ማንም የማይፈልጋቸው ወረቀቶች። እሷ ከስፌት ክፍል፣ "እጄ የሰው እጅ መሰለኝ፣ እስቲ ና" አለችኝ። "ቆዪ፣ ይህችን ልጨርስ" አልኳት። ከዚያ መኪናው ሲሮጥ ሰማሁት። ሳያቋርጥ፣ በአንድ ድምፅ። ሥራዋን ቀጠለች ብዬ ደስ አለኝ። እግሯ መርገጫው ላይ ወድቆ ነው የሚሮጠው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሆነ። ወረቀቶቹን ለይቼ ጨርሼ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ከዚያ ነው የሄድኩት።

ሐኪሙ ሰዓቱን ሲጠይቀኝ፣ "ወዲያው ነው ያመጣኋት" አልኩ።

46ኛ ቀን፣ እሑድ

ሲስተር ልትጠይቃት መጣች። ስትወጣ ደጅ ድረስ ሸኝቻት ስለ መርሳቴ ነገርኳት። የዛሬውን ቀን ጠየቀችኝ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድቆጥር አዘዘችኝ። እስከ ሁለት ቆጠርኩላት። ሦስት ዕቃ ስም ነግራኝ ከደቂቃ በኋላ ስትጠይቀኝ በቅደም ተከተል መለስኩላት።

"ጋሼ፣ ከእኔ ይሻላሉ" አለችኝ። "የሚረሱት ምኑን ነው?"

መቀሱንና መርፌውን ነገርኳት። አፏን በነጠላ ጫፍ እንደሚሸፍን ሰው በእጇ ከለል አደረገች። ከዚያ፣ "እንግዲህ አስተማሪ አይደሉ? ያጣሩታ" ብላኝ ሄደች።

50ኛ ቀን፣ ሐሙስ

አጣራሁ።

ከመውጣቴ በፊት በወረቀት ጻፍኩ፤ መርፌ ዝቅ ያለ፣ መቀስ ቆርቆሮው ውስጥ፣ የስፌት ርዝመት ቁልፍ ሁለት ላይ፣ ከላይ ያለው ጨርቅ ሦስተኛ ጎኑ የተንጋደደ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ስመለስ መርፌ ከፍ ያለ። መቀስ በስተግራ። ቁልፉ ሁለት ተኩል ላይ። ሦስተኛው ጎን ቀጥ ያለ። ጨርቁን መስኮቱ ጋ ወስጄ መነጽሬን ቀይሬ ዐየሁት። ከአዲሱ ስፌት ጎን የተንጋደደ የቀዳዳ መስመር አለ፤ የእኔ መርፌ የሄደበት፣ ክሩ የተፈታበት። ተማሪ በላጲስ አጥፍቶ ሌላ ሲጽፍበት ወረቀቱ ላይ የሚቀረውን ምልክት አውቀዋለሁ።

የቀሩትንም አወጣሁ። ሁሉም ላይ ቀዳዳ አለ። ሠራኋቸው ካልኳቸው ዐሥራ ዘጠኝ ጨርቆች የእኔ ሆኖ የቀረ አንድም ማዕዘን የለም።

እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ሳሎን ሄድኩ። ሶፋው ላይ ናት፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው። ቀኝ እጅጌዋ ላይ አንዲት ነጭ ክር ተንጠልጥላለች።

"ዳቦው ትኩስ ነው?" አለችኝ።

"ትኩስ ነው" አልኳት።

51ኛ ቀን፣ ዓርብ

አልነገርኳትም።

52ኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ለምን እንደማልነግራት ላብራራ። አንድ ጊዜ እኔ እያየሁት ምንም የማይጽፍ ተማሪ ነበረኝ። እርሳሱን ይዞ ይደርቃል። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ስጀምር ግን ከኋላዬ የእርሳሱ ድምፅ ይሰማኛል። ዓመቱን ሙሉ እሱ በተቀመጠበት አቅጣጫ ላለመዞር ተጠነቀቅኩ። ዓመቱ ሲያልቅ አለፈ።

ከዳቦ ቤት መልስ ሩብ ሰዓት ያህል ክር ሻጩ ጋ መቆየት ጀምሬያለሁ። ለምን እንደምቆይ አልጠየቀኝም፤ በርጩማ አወጣልኝ።

56ኛ ቀን፣ ረቡዕ

አዲስ ችግር። የትናንቶቹ ሦስት ጨርቆች አልተነኩም። መርፌው እንዳኖርኩት ዝቅ ብሏል፣ መቀሱ ቆርቆሮው ውስጥ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።

ጨርቆቹን ደጋግሜ ዐየኋቸው። ጥፋት የለባቸውም። እየሠራሁ እየሠራሁ ጎበዝ ሆኛለሁ! ለእሷ የተረፈ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ስትተኛ ዋለች፣ ምሳም አልፈለገችም።

58ኛ ቀን፣ ዓርብ

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ።

እንዲህ ከባድ ነው አላልኩም። እጄ እምቢ አለኝ። ከእጥፋቱ ዳር ሁለት ሚሊሜትር ላውጣው ብዬ ስገፋው መልሶ ይገባል። በመጨረሻ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ምልክቱን ተከትዬ አበላሸሁት። ከዚያም ጠመኔውን አራገፍኩ። ላብ አጥምቆኝ ነበር።

59ኛ ቀን፣ ቅዳሜ

መቀስ በስተግራ። ምሳዋን ጨረሰች።

61ኛ ቀን፣ ሰኞ

የጥፋት ዕቅድ አወጣሁ፣ እንደ ትምህርት ዕቅድ ከቀላል ወደ ከባድ። በዚህ ሳምንት የቀጥታ ስፌት ብቻ፤ እሱ ለእጇ ይቀላል። በሚቀጥለው ማዕዘን፤ ጨርቁን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ የላይ ክሩን አላልቼ እተውላታለሁ፤ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ እንደገና ማስገባት ትገደዳለች። ባለሙያዋ ብታየው የምትፈርምልኝ ይመስለኛል።

ለተማሪዎቼ፣ "ከባዱ ነገር ትክክል መሥራት ነው" እላቸው ነበር። በግማሹ አሳስቻቸዋለሁ።

67ኛ ቀን፣ እሑድ

ልጃችን ደወለች። አንድ የምታውቃት ወጣት ሰፊ አለች፣ መኪናውን በደስታ ትወስዳለች።

ባለቤቴ፣ "ስትመጪ እናያለን" አለች።

"እማዬ፣ ስጡት ብለሽ አልነበር?"

"ስትመጪ እናያለን አልኩሽ እኮ።"

ከዚያ ስለ አየሩ አወሩ።

70ኛ ቀን፣ ረቡዕ

መቀሱ ዛሬ ከመኪናው በስተቀኝ ነበር።

72ኛ ቀን፣ ዓርብ

ዐሥራ ሁለት ጨርቅ ብቻ ቀረ። ከዚያስ? ሲስተርን መንገድ ላይ አግኝቼ ሌላ የሚዘመዘም ነገር ካላት ጠየቅኳት። አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ ምንም ቢሆን።

"ስልሳው አልበቃዎትም? ለመሆኑ ስንት ሰው ነው እዚያ ቤት የሚሠራው?" አለችኝ።

"አንድ" አልኳት።

"እሺ ጋሼ፣ አንድ ይሁን" አለች። መጋረጃ እንዳለ ነገረችኝ። ሃያ ሁለት መስኮት።

ሲስተር መቼም ከእኔ ቀድማ ነው ያወቀችው። ክር ሻጩም። በሰፈሩ ውስጥ መጨረሻ የገባው ተማሪ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

79ኛ ቀን፣ ዓርብ

ዛሬ ስመለስ ጨርቁ ስፌት ክፍል የለም። ምሳ የምበላበት ቦታ ላይ፣ ሳህኔ በሚቀመጥበት ተዘርግቷል። ስፌቱ አልተፈታም። በላዩ በስፒል ወረቀት ተሰክቷል። ወረቀቱ ላይ ከመሳቢያዬ በተወሰደ ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፤

"ጥፋቱ ሁሉ ሁለት ሚሊሜትር ነው። አንዱም አይበልጥ፣ አንዱም አያንስ። ደግመህ ሥራ። ከዐሥር ዜሮ።"

ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ከመስመሩ ይወርዳሉ። በግራ እጇ ስትጽፍ አይቻታለሁ፤ በግራዋ የምትጽፈው ወደ ኋላ የተኛ ነው። ይህ ወደፊት ያዘነበለ ነው። ድሮ ከገበያ እንዳመጣ የምትጽፍልኝ ጽሕፈት ነው።

ከሦስት ጊዜ በላይ አነበብኩት። ከዚያ ቀና ስል ሳሎኑ በር ላይ ቆማለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"አንተስ ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሃምሳኛው ቀን።"

"እኔ ካለፈው ሳምንት። መጀመሪያ ዐይኑ ደከመ ብዬ አዘንኩልህ። አንዱን ስፈታ፣ ሌላውን ስፈታ፣ ሁሉም አንድ ነው! በማስመሪያህ ለካሁት። ሰው እንዲህ ተለክቶ ይሳሳታል እንዴ፣ መምህር? ትንሽ እንኳ ማዘበራረቅ አትችልም?"

"ሞክሬያለሁ" አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ሳቀች። ያችኛዋ ሳቅ አይደለችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እኔም ተቀመጥኩ።

"ሁለት ሚሊሜትር ስልሽ ትዝ የሚልሽ ነገር አለ?" አልኳት።

"የመጋረጃው? ኧረ እሱን ረስቼዋለሁ።" ስፒሉን ከወረቀቱ ነቀለችና፣ "ደግሞ ሁለት አልነበረም። ስፈታው ለካሁት፤ ሦስት ነው። አንተ ነህ አሳንሰህ ያየኸው" አለች።

ያኔ ነው ሌላውን የተናገርኩት። "ያን ጠዋት ስትጠሪኝ ቆዪ አልኩሽ። ሃያ ደቂቃ። ለሐኪሙም ዋሸሁ።"

ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበችው፤ በቀኝ እጇ፣ ቀስ ብላ፣ አውራ ጣቷ ገና እየተጎተተ።

"እጄ የደነዘዘው ከቁርስ በፊት ነው" አለች። "ስጠራህ ከሰዓት በላይ አልፎት ነበር። እኔም ይህችን ጠርዝ ልጨርስ ብዬ ነው የቆየሁት። አንተ ብቻ መስሎህ ነው ስትንገበገብ የከረምከው?"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"ለምን ተደብቀሽ ሠራሽ?" አልኳት ኋላ ላይ።

"ካቃተኝ አንተ እንዳታይ ነዋ። ዐይንህን አውቀዋለሁ፤ ልትረዳኝ ትሮጥ ነበር።" ከዚያ ጣቷን ወደ ጨርቁ ቀሰረች። "በል ፍታው። ዜሮ ያገኘኸው አንተ ነህ።"

ፈታሁት።

84ኛ ቀን፣ ረቡዕ

አሁን በግልጽ ነው የምንሠራው። እኔ አጥፋለሁ፣ በካውያ እጫናለሁ፣ ስፒል እሰካለሁ። እሷ ትሰፋለች። በዝግታ ነው፤ አንድ ጎን በጨረሰች ቁጥር ታርፋለች፣ እጇን ታራግፋለች፣ ትራገማለች። አንድ ሰዓት ከሠራች በኋላ ጣቶቿ ይቆለፋሉ፤ እንደ ድሮው እንደማይሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አንነጋገርበትም። ጉድለት ሲያጋጥማት ከመፍታቷ በፊት፣ "ይሄ ያንተ ነው የእኔ?" ትለኛለች።

"ያንቺ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሦስት ሚሊሜትር ነው።"

ኳሷን አልጋ ሥር ስጠርግ አገኘኋት። ስፒል መሰኪያ አደረግናት።

90ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ሃምሳ ዘጠኙ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ሲስተር ነገ ትወስዳለች። ከቁርስ በኋላ ባለቤቴ ቆጥራቸው፣ "አንድ ይጎድላል" አለች።

የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። መሳቢያውን ከፍቼ ዘጠነኛውን ጨርቅ አወጣሁላት። መስኮቱ ጋ ይዛው ቆመች። በሦስቱ ጎን ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ በአራተኛው ተንሸራቶ፣ ጨርቁን አቋርጦ የወጣውን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ተከተለችው።

"ይሄን አንተ ፍታልኝ" አለች።

የስፌት መፍቻውን ይዤ አንድ በአንድ ፈታሁት። ረጅም ነው። ክሩ ሲወጣ ቀዳዳዎቹ ጨርቁ መካከል ላይ ተደርድረው ቀሩ። ብዙ ሳያቸው ነው መሰለኝ፣ "ሲታጠብ ይጠፋል። ከመጀመሪያው እጥበት አያልፍም" አለችኝና ከእጄ ተቀበለችኝ።

እጥፋቱን አስተካከለች። የመኪናውን እግር በቀኝ እጇ አወረደች። መርገጫውን ስትነካው መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተባተበ፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረ። ያ ድምፅ ነው። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁ። ሳትዞር፣ "አለሁ" አለችኝ።

ደጁ ተንኳኳ። ልጃችን ናት፤ በመስኮት በኩል ሻንጣዋና ከጎኗ የቆመ የጭነት መኪና ታየኝ። የስፌት መኪናውን ዛሬውኑ ልታስጭነው ነው የመጣችው።

"መጣች" አልኩ። "ልክፈትላት?"

ባለቤቴ ዐይኗን ከመርፌው አላነሣችም።

"ቆይ" አለችኝ። "ይህችን ልጨርስ።"

እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አራት ጣት ያህል ጠርዝ ቀርቷታል።